የሳጥኑ ቦታ

ከግብርና ቢሮ የመጣው ባለሙያ ካርታውን አየ፣ ሳጥኑን አየ፣ ተመልሶ ካርታውን አየ። በካርታው መሠረት የሙቀት መለኪያው ነጭ ሳጥን መገኛው ከመንደሩ በላይ፣ ጉብታው ላይ ነው። እኛ የቆምነው ደግሞ ጓሯችን ውስጥ፣ ከምንጩ አጠገብ ባለው ረባዳ ነበር።

አባቴ ከሳጥኑ ጎን ተገትሯል። ሃያ ሁለት ዓመት በየማለዳው ሙቀቱን አንብቦ መዝገብ ላይ አስፍሯል፤ አተኩሶት እንኳ አንድ ቀን አላስታጎለም። እናቴ በሕይወት ሳለች፣ ለመዝገቡ የሚጨነቀውን ግማሽ ለልጆቹ ቢጨነቅ የት በደረሱ ትል ነበር። የት እንደደረስኩ ይኸው፤ ከጓሮው አልወጣሁም።

ባለሙያው የመጣው በእኔ ፖም ምክንያት ነው። ከስድስት ዓመት በፊት መሥሪያ ቤቱ የአባቴን ቁጥሮች አይቶ መንደሩን ከወይና ደጋ ምድብ ወደ ደጋ አዛወረውና ሌሊቱ ለፖም ይስማማል አለ። አባቴ የጻፈውን ማን ይጠራጠራል ብዬ ተዳፋቱ ላይ ያለውን የበቆሎ ማሳዬን በሙሉ ፖም አደረግሁት፤ መቶ አርባ ችግኝ። ዛፎቹ ቅጠል በቅጠል ሆነዋል። አበባ ግን እስካሁን አላየሁባቸውም። ፖም ብርድ ካልጠገበ አያብብም። ይባስ ብሎ በሚቀጥለው ሳምንት ለጎረቤቶቻችን ሁለት ሺህ ችግኝ ሊታደል ነው፤ ከወዲሁ ጉድጓድ ቆፍረው የጨረሱም አሉ።

ባለሙያው ጥፋቱን መጀመሪያ እኔ ላይ ፈለገ። ስለ ማዳበሪያው፣ ስለ ውሃው፣ ስለ ቅርንጫፍ አገራረዜ ጠየቀኝ፤ ምንም አላገኘብኝም። ንጋት ላይ ግን ማሳዬ ውስጥ በራሱ መለኪያ ለክቶ ዘጠኝ ዲግሪ አግኝቷል። በዚያው ሰዓት አባቴ ከሳጥኑ ያነበበው አምስት ነው። ቀዝቃዛ አየር ሌሊት እንደ ውሃ ቁልቁል ይወርዳል፣ ረባዳ ሲያገኝ ይተኛል ብሎ አስረዳን።

«አባት፣ ሳጥኑ ድሮም እዚሁ ነበር?»

አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። «ድሮም እዚሁ ነው» አለ።

ዋሽቶ ስለማያውቅ አላወቀበትም፤ ዓይኑ የሚያርፍበት አጣ። ለማን ብሎ እንደዋሸም ገባኝ። ዝም ብል ደግሞ የእኔ ዕጣ ለመንደሩ ሁሉ ሊደርስ ነው።

«እኔ ነኝ ያወረድኩት» አልኩ። «አሥር ዓመት ሆነው። ጉልበቱን አሞት ጉብታውን መውጣት ሲያቅተው ተሸክሜ አመጣሁለት።»

ያኔ አንድ መንደር አንድ አየር ነው ብለን ነበር። ማስፈቀድ የሚባል ነገርም አልታየንም።

ባለሙያው አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ቢሮው ስልክ ደውሎ የችግኙ እደላ እንዲቆም ነገራቸው። ከዚያ መዝገቡን ተቀብሎ ሳጥኑ የወረደበትን ወር እንዳሳየው ጠየቀኝና ገጹ አናት ላይ «ከዚህ ወዲህ ያለው ለመንደሩ አያገለግልም» ብሎ ጻፈ። አባቴ እያንዳንዱን ፊደል ተከታትሎ አነበበው።

«አንድም ቁጥር ከራሴ አልፈጠርኩም» አለ።

«ቁጥሮቹማ ልክ ናቸው፣ አባት» አለ ባለሙያው። «የዚህ ጓሮ ናቸው።»

ከሄደ በኋላ አባቴን ቀና ብዬ ማየት አፈርኩ። ስድስት ዓመቴ አንገበገበኝ፤ የምናደድበት ሰው ግን አጣሁ። ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ።

እሱ ከማገዶው ክምር ቀጫጭን እንጨቶች መረጠ። ከአጥሩ ጥግ ተነስቶ እያነከሰ አምስት እርምጃ ተራመደና አንዱን መሬት ላይ ተከለ። እንደገና አምስት እርምጃ፣ ሌላ እንጨት። ምን እያደረገ እንደሆነ የገባኝ አራተኛው ላይ ነው።

«ጓሮው ዘጠኝ የፖም ዛፍ ይይዛል» አለ፣ ዞር ሳይል።

ፖም ፍሬ ለመስጠት ቢያንስ አራት ዓመት ይፈልጋል። አባቴ ሰባ ስምንት ሞልቶታል። ተነሥቼ አምስተኛውን እንጨት ከእጁ ተቀበልኩና፣ እርምጃውን ቆጥሬ ተከልኩት።