እንባ የሚያቆመው መርፌ

ሰኔ 12 ቀን 2071 ዓ.ም.፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ፣ ወይንእሸት ደሴ እናቷ ቤት፣ ከለቅሶው ድንኳን ጀርባ ሽንኩርት ትከትፍ ነበር። ታናሽ ወንድሟ ደጀኔ የተቀበረው ከአንድ ቀን በፊት ነው።

ከቀብሩ በፊት መሥሪያ ቤቷ እንደ ደንቡ መርፌውን አስወግቷታል። ሐዘን የደረሰበት ሠራተኛ ሳይወጋ ወደ ሥራ አይመለስም። መርፌው ውስጥ ያለው የባክቴሪያ መርዝ ነርቭ ውስጥ ገብቶ፣ እንባ እንዲፈስ መልእክት የሚያሳልፈውን ፕሮቲን ይቆርጠዋል። ሐዘኑን ግን አይነካውም።

እናቷ ወይዘሮ አልጋነሽ ከትናንት ጀምሮ አኩርፈዋታል። በመጨረሻ መጥተው አጠገቧ ቆሙ።

«ለጎረቤት ውሻ ስታለቅሺ ያደግሽ ልጅ፣ ለደጀኔ አንዲት ዘለላ እንባ ነፈግሽው?»

«እማዬ፣ መርፌው ነው አልኩሽ እኮ።»

«ልብ በመርፌ ይደርቃል? ሰው የሚለውን አልሰማሽም?»

ወይንእሸት መክተፏን ቀጠለች። የሽንኩርቱ ሽታ ሲነሳ የእናቷ ዓይኖች ወዲያው ሞሉ፤ አጠገባቸው የተቀመጡት ሴቶችም ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ያብሱ ጀመር። ወይዘሮ አልጋነሽ ጎንበስ ብለው የልጃቸውን ፊት አዩ። ከንፈሯ ይንቀጠቀጣል፤ ዓይኗ ግን ደረቅ ነው።

«ሽንኩርቱም?» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ሽንኩርቱም፣ እማዬ።»

ቢላዋውን ከእጇ ወስደው እርጥብ ጉንጫቸውን ጉንጯ ላይ አሳረፉ።

«እኔ አለቅስልሻለሁ፣ ልጄ» አሏት።

የወይንእሸት እንባ የመጣው በጥቅምት፣ የመርፌው ኃይል ሲያልቅ፣ ከሥራ ስትመለስ አውቶቡስ ውስጥ ነው። ወርዳ፣ ሳታብሰው፣ እናቷ ቤት ድረስ በእግሯ ሄደች።