ያልታዘዘ መቀመጫ

የሲግናል ሰፈሩ ነጋዴ ገመዳ በ1998 ዓ.ም. ባለሁለት ወንበር ስፖርት መኪና ሲያዝዝ፣ ፋብሪካው ያስመረጠው ሦስት ነገር ብቻ ነበር፤ ቀለም፣ ጎማና የመቀመጫ ቆዳ። ማረጋገጫው በፋክስ ሲመጣ ግን አራተኛ መስመር ነበረው፤ «የሕፃን መቀመጫ፣ ለዘጠኝ ወር ልጅ።»

ገመዳና ሚስቱ አሳየች በዐሥራ ሁለት ዓመት ትዳራቸው አልወለዱም። ለሁለት የምትበቃ መኪና ያዘዘውም ተስፋ ቆርጦ ነው። ወረቀቱን በአስመጪው ወኪል በፍሥሐ ፊት ወረወረው።

«በመካንነታችን ታላግጣለህ?»

«ኧረ በጌታ፣ ጋሽ ገመዳ! እኔ አልሞላሁትም። አሰርዘዋለሁ።»

ከአራት ወር በኋላ የታረመው ማረጋገጫ መጣ። «ለዐሥራ ሦስት ወር ልጅ» ይላል።

«ጭራሽ ታሳድጉልኛላችሁ!» አለ ገመዳ፣ ጠረጴዛውን በቡጢ እየመታ።

መኪናዋ መሪ ሰፈር ካለው የወኪሉ መጋዘን የገባች ዕለት ገመዳ በማለዳ ደረሰ። የሕፃኑ መቀመጫ ከሾፌሩ ጎን ባለው ወንበር ላይ በብሎን ታስሯል፤ አሳየች የምትቀመጥበት የለም።

«አሁኑኑ ይነቀል! እዚሁ ቆሜ!» ብሎ ጮኸ።

የመጋዘኑ ሜካኒክ መፍቻውን ይዞ በበሩ ጎንበስ አለና ወዲያው እጁን ሰበሰበ። በሩን ድምፅ ሳያሰማ መለስ አድርጎ ወደ ገመዳ ዞረ።

«ጋሼ፣ ቀስ ይበሉ እንጂ» አለው በሹክሹክታ። «ልጅቷ አሁን ገና ነው የተኛችው።»