ውሻ የጠላው መነኩሴ

ኦቶሜ የውሻውን ገመድ በእጇ ጠቅልላ ከመነኩሴው ጀርባ ተቀመጠች። ባሏ ቶኩዞ ከሞተ አርባ ዘጠኝ ቀኑ ነበር። የሟች ነፍስ ቀጣይ ማደሪያዋ የሚቆረጥላት በዚያ ቀን ነው፤ ጸሎቱ ጀንበር ሳትጠልቅ ካላለቀ ስትንከራተት ትቀራለች። የመንደሩ መነኩሴ በረዶ መንገድ ዘግቶበት ቀረ። በምትኩ ይህ ማንም የማያውቀው ሰውዬ ከጫካ በኩል ብቅ አለ። መነኩሴ ነኝ ይበል እንጂ ዓይኑ የተተከለው ለሟች በቀረበው የተጠበሰ የአኩሪ አተር አይብ ላይ ነበር። ያን ጥብስ ሲያይ ምራቁን የሚውጠው ሰው መስሎ የሚመጣ ቀበሮ እንደሆነ ደግሞ በዚያ ተራራ ሕፃን ልጅም ያውቃል።

«አባ፣ ከየትኛው ገዳም ነዎት?»

«ከወዲያ ማዶ ነኝ፣ እማማ።»

«ወዲያ ማዶ የቀበሮ ጉድጓድ እንጂ ገዳም የለም!»

ውሻው አጉረመረመ። የመነኩሴው ትከሻ ተንቀጠቀጠ፤ ከቀሚሱም ሥር ቀይ ጭራ ሾልኮ ወጣ።

«አንተ ሌባ! በሙት ልትቀልድ መጣህ?» ብላ ተነሳች፤ ገመዱንም ከእጇ መፍታት ጀመረች።

በሩ ክፍት ነበር፤ ቀበሮው ግን አልሸሸም። መቁጠሪያውን አጥብቆ እንደያዘ፣ «ጥቂት ነው የቀረኝ፣ እማማ» አለ። «ልጨርስለትና ከዚያ ውሻውን ይልቀቁት።» ጸሎቱንም ካቆመበት ቀጠለ። ድምፁ ቢንቀጠቀጥም አንዲት ቃል አልዘለለም።

ኦቶሜ ጀንበሯን አየች። ውሻውን ወደ ደጅ ጎትታ አሰረችውና ተመልሳ ቀበሮው አጠገብ ተንበረከከች።

«ድምፅዎን ከፍ ያድርጉ፣ አባ» አለችው። «ባሌ ጆሮው ደህና አይሰማም።»