የፌንጣ ቤቱ ዘበኛ

ቡንሎም ሁለት ጎሾቹን ሸጦ የፌንጣ ማርቢያ ቤት ሠራ። የመንደሩ ሰው አበደ አለው። እሱ ግን የመንግሥትን ደንብ አንድም ሳያጓድል ፈጸመ፤ ገንዳዎቹን በመረብ ሸፈነ፣ በሩ ላይ ገቢው ሁሉ እግሩን የሚያጸዳበት መንከሪያ አኖረ፣ መርዝ የሚባል ነገር ግቢው እንዳይገባ ከለከለ። የጥራት ምስክር ወረቀቱን ካገኘ የምግብ ፋብሪካ ፌንጣውን ይገዛዋል። ካላገኘ ግን በጎሾቹ ፋንታ ሞፈር የሚጎትተው ራሱ ነው።

ችግሩ ጎረቤቱ ካምሲንግ ነበር። ከአጥሩ ማዶ በርበሬው ላይ መርዝ ይረጫል።

«ወንድሜ፣ የመንግሥት ተቆጣጣሪዋ መጥታ እስክታይልኝ እንኳ ተወው» ሲል ቡንሎም ለመነው።

«ለአንተ ፌንጣ ብዬ በርበሬዬን ትል ይብላው?» ካምሲንግ ከት ብሎ ሳቀ። «ብርድ ልብስ ደርብላቸው! ንፋሱን እንደሆነ እኔ አላዘውም።»

ክፉ ጎረቤት ዕቃ ያስገዛል ይባላል፤ ቡንሎምን ያስገዛው ገጀራ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አልጋውን ፌንጣ ቤት አስገብቶ ገጀራውን እንዳቀፈ ያድር ጀመር።

እናቱ እማማ ፑዋንግ ከእህቱ ቤት የመጡት በቅርቡ ነው። ፌንጣ የሚያውቁት ተጠብሶ ሳህን ላይ ነው።

«ቤትህ ገብተህ ተኛ እንጂ ልጄ! ሰው ከፌንጣ ጋር ያድራል?»

«ካምሲንግ እንዲጨርስልኝ? አይሆንም፣ እማ።»

ቀን መኖ ሲሸከም ስለሚውል እንቅልፉ የድንጋይ ነበር፤ የክረምቱ ትንኝ እንኳ አልቀሰቀሰውም። የፌንጣ ቤቱን ሽታ የለመደው አፍንጫውም ሌላ ነገር መለየት ካቆመ ቆይቷል።

ብዙም ሳይቆይ ፌንጣዎቹ መሞት ጀመሩ። መጀመሪያ ከአልጋው አጠገብ ያለው ገንዳ ዝም አለ። ከዚያ ቀጥሎ ያለው። ቡንሎም ሬሳቸውን በአካፋ እያወጣ አለቀሰ።

«አጠገቤ ድረስ መጥቶ ነው የሚረጨው! ንቆኛል! እኔ እዚሁ ተኝቼ!»

እማማ ፑዋንግም አብረውት አለቀሱ።

ከኮን ኬን ከተማ የመጣችው ተቆጣጣሪ የሞቱትን ወስዳ አስመረመረች። ተመልሳ ስትመጣ ፊቱን ማየት አልቻለችም።

«አጎቴ፣ በመርዝ ነው የሞቱት። ደንቡን ያውቁታል፤ የምስክር ወረቀቱን መስጠት አልችልም።»

«እኔ መርዝ ቤቴ አላስገባም!»

«ማን እንዳስገባው እኔ አላውቅም። ገብቷል ግን።»

ቡንሎም ገጀራውን ይዞ አጥሩን ዘለለ።

ካምሲንግ ጎንበስ ብሎ በርበሬ ይለቅም ነበር። ቀና ሲል መጀመሪያ ያየው ገጀራውን ነው። «ኧረ በቡድሃ! ግቢህን ረግጬ አላውቅም!» እያለ እጁን ዘረጋ። እጁ በርበሬው መሃል ወደቀ። ሁለተኛው ምት ትከሻው ላይ፣ ሦስተኛው አንገቱ ላይ አረፈ። ሚስቱ ጮኻ ስትደርስ ደሙ እስከ ውሃ ቦዩ ወርዶ ነበር። ካምሲንግ ሆስፒታል ሳይደርስ ሞተ።

በማግስቱ እማማ ፑዋንግ ሩዝና የደረቀ ዓሣ ቋጥረው ፖሊስ ጣቢያ ሄዱ። የእስረኛው ክፍል ትንኝ የሚርመሰመስበት ረግረግ ዳር ነው። ቡንሎም ፊቱ አብጦ፣ አንገቱን እየፎከተ ከፍርግርጉ ኋላ ቆመ።

«አታልቅሺ፣ እማ። እኔ አልጸጸትም። ፌንጣዎቼን የገደለ የእጁን አገኘ።»

እናቱ ያበጠ ፊቱን በመዳፋቸው ዳበሱና ከቋጠሮአቸው ሲለኮስ የሚጨስ የትንኝ መግደያ ጥቅል አወጡ።

«እንካ፣ ለኩሳት ልጄ፤ ፌንጣ ቤት ስታድር፣ እንቅልፍ እስኪወስድህ ጠብቄ ከአልጋህ ሥር የማጨስልህ እሷን ነበር።»