ከበሩ ጀርባ

«አስፈሪው ይሄ ነው እንዴ?» አለ ወንድሟ፣ የጨዋታው መነጽር ግማሽ ፊቱን ሸፍኖት። መቆጣጠሪያውን ወደ ኮርኒሱ አነጣጥሮ ተኮሰ። ግድግዳው ላይ ባለው ስክሪን፣ ከመርከቧ ጣሪያ ተንጠልጥሎ የነበረው ባለ ብዙ እግር ፍጡር ተበጣጥሶ ወደቀ። «ፈሪዬ፣ ለዚህ ነው ሦስት ዓመት እንቅልፍ ያጣሽው?»

ፕሮግራመሩና ሰዓሊዋ ተያዩ። እህቱ አንገቷን ሰበረች።

ጨዋታውን ለፍተው የሠሩት እሷና ሁለቱ ባልደረቦቿ ናቸው። ህዋ ላይ መብራቷ የጠፋባት መርከብ፣ አንድ ጠመንጃ፣ አንድ የእጅ ባትሪ፣ ሠራተኞቹን ቅርጥፍ አድርገው የበሉ ጭራቆች። ነገ ለሚገዛው ድርጅት ያሳያሉ። ያላስማማቸው እሷ የሠራችው የመኝታ ክፍል ብቻ ነው፤ ሰው እዚያ ከገባ በኋላ ለረጅም ጊዜ ምንም አይፈጠርም። «ሰው ይሰለቻል» አለ ፕሮግራመሩ፤ «በሩን ሲከፍት ዘሎ ይውጣበትና እንገላገል።» ሰዓሊዋም ከእሱ ጋር ወገነች። ተጨቃጭቀው ተጨቃጭቀው በመጨረሻ አንድ ነገር ላይ ተስማሙ፤ በቀላሉ የማይደነግጥ ሰው ይሞክረው፣ እዚያ ክፍል ውስጥ ካልጮኸ ክፍሉ ከጨዋታው ይወጣል።

በቀላሉ የማይደነግጥ ከተባለ ከወንድሟ በላይ ማን አለ? የአምቡላንስ ሹፌር ነው፤ ሰው ወደሚሸሸው ነገር እየበረረ የሚሄድ። በልጅነታቸው ደግሞ እሷን ማስደንገጥ ዋና ሥራው ነበር። «ፈሪዬ» የሚለውን ስም ያወጣላት እሱ ነው፤ ቤተሰቡም ሳያቅማማ አጸደቀው። እውነት ለመናገር ስሙ አልበዛባትም። የተሰቀለ ካፖርት ሁሉ ሰው ይመስላት ነበር። አስፈሪ ጨዋታ ልትሠራ ነው ሲባል ዘመድ ሁሉ ሆዱን ይዞ የሳቀው ለዚህ ነው። ግን ፍርሃትን ፈሪ ካልሠራው ማን ሊሠራው ነው?

ወንድሟ የመኝታ ክፍሉ በር ላይ ደረሰ። ቢሮው በከሰዓት ፀሐይ ተጥለቅልቋል፤ እሱ ግን ያለው ድቅድቅ ጨለማ ውስጥ ነው። በሩን ከፍቶ፣ ጠመንጃውን አስቀድሞ ገባ። ቁም ሳጥኑን ከፍቶ አየ። ጎንበስ ብሎ አልጋው ሥር ሳይቀር አየ።

«ባዶ ነው» አለ። «ምነው፣ ጭራቁ እረፍት ወጣ?»

ፕሮግራመሩ «አላልኳችሁም?» የሚል ፊት አሳያት። እሷ ዓይኗን ወደ ወንድሟ መለሰች። አትቸኩል ጋሼ፣ አለች በሆዷ፤ አትቸኩል።

የእጅ ባትሪው መዳከም ጀመረ። ድንጋዩን ለመቀየር ሁለት እጅ ያስፈልጋል፤ ጠመንጃውን የሆነ ቦታ ማስቀመጥ ግድ ነው። ወንድሟ ጠመንጃውን አልጋው ላይ አኖረና እፎይ ብሎ ተነፈሰ። ያን ጊዜ ከጀርባው፣ ከከፈተው በር ኋላ፣ ሌላ ነገርም ተነፈሰ።

ደርቆ ቀረ። ቁም ሳጥኑን አይቷል፣ አልጋውን አይቷል፤ የበሩን ጀርባ ግን አላየም። ይህን ዘዴ በልጅነታቸው ያስተማራት ራሱ ነው። ሌላ ልጅ ቢሆን ገና እንደገባች ዘሎ ይወጣባትና ያበቃ ነበር። እሱ ግን ከበሩ ጀርባ ትንፋሹን ውጦ ይጠብቃት ነበር፤ ቁም ሳጥኑን እስክታይ፣ አልጋው ሥር እስክታይ፣ ምንም የለም ብላ ቁጭ ብላ ጫማዋን እስክትፈታ ድረስ።

«አይ አንቺ ልጅ» አለ ቀስ ብሎ። ገብቶታል። «ይሄማ የኔ...»

በሩ ሲጥጥ አለ። ዞረ።

«እማዬ!» ብሎ ነው የጮኸው፤ ያን የሚያህል ሰውዬ። ጠመንጃ ፍለጋ እጁን ወደሌለ አልጋ ሰደደ፣ ወንበር ገለበጠ፣ በጉልበቱ ወደቀ። ያንን ፍጡር ራሷ የሳለችው ሰዓሊ እንኳ ዓይኗን ሸፈነች። ፍጡሩ ግን አልበላውም፤ ፊቱ ላይ ተንፍሶበት፣ ሮጦ ኮሪደሩ ውስጥ ጠፋ። ወንድሟም ድሮ አስደንግጧት እንዲሁ ነበር ሮጦ የሚጠፋው።

«ይቆያል!» አለ ፕሮግራመሩ ጠረጴዛውን እየደበደበ። «ክፍሉ ይቆያል!»

እሷ ደስታዋን የት ታስቀምጠው! የልጅነቷ ጩኸት ሁሉ ተጠራቅሞ በአንድ አፍ ወጣላት። እንደ ሕፃን መዝለል አማራት፤ ዘለለችም።

ከዚያ ወንድሟን አየችው። ከወለሉ አልተነሳም። የግራ እጁ መቆጣጠሪያ አምልጦት በማሰሪያው ተንጠልጥሏል፤ ባዶ እጁ አየሩን ይዳብሳል።

«አለሽ?» አለ።

«አለሁ ጋሼ።»

«መብራት አብሪልኝ።»

«ፀሐይ ነው እኮ። በቃ አውልቀው፣ ይበቃሃል።»

«ማን አወልቃለሁ አለሽ?» አለ። «ወዴት እንደሄደ ሳላይ አላቆምም። እጄን ያዢኝ ብቻ።»

ያዘችው። ጣቶቿን ጭምቅ አድርጎ ያዘ፣ ድሮ ጨለማውን ኮሪደር ሲያሻግራት እሷ የእሱን እንደምትይዘው። ተነሳ፤ በቀኝ እጁ ጠመንጃውን አነሳ። ፀሐይ በሞላው ቢሮ ውስጥ፣ አንድ አንድ እርምጃ እየተራመዱ የመርከቧ ቀጣይ በር ላይ ደረሱ።

«ከዚህኛው ጀርባስ?» አለ በሹክሹክታ። «በእናታችን ሞት ንገሪኝ፤ አለ?»

በሩን የሠራችው እሷ ናት፤ ከጀርባው ምንም እንደሌለ ታውቃለች። ትንፋሿን ውጣ ጠበቀች።