መርዶ በዚንድሊንገን

እንግሊዛዊው ዘጋቢ ፊልም ሠሪ ኮሊን ፕራት ጀርመን አገር፣ ፍራንክፈርት ዳር ባለው ዚንድሊንገን ሠፈር ውስጥ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ አንዲት ክፍል ሲከራይ ዓመቱ እ.ኤ.አ. 1995፣ ወሩ መስከረም ነበር። ዕድሜው ስልሳ አንድ ነው። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ፊልም ሠርቷል። ሰባቱን የሠራው ኢትዮጵያ ነው፤ አማርኛውም የዚያው ትርፍ ነው። ትዳሩ ስድስት ዓመት ቆየ። ከስድስቱ እቤቱ ያደረው ሁለቱን ቢሆን ነው። ሊድስ ከተማ ሩት የምትባል አንዲት ልጅ አለችው፤ ስትዳር እሱ ወሎ ካሜራ ተሸክሞ ነበር።

ሃያኛው ፊልሙ ስለ መርዶ ነው። ልማዱን አጥንቶታል። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ አንድ ሰው ብቻውንም አይናገረውም። ቀድሞ የሰማው አፉን ይዞ ያድራል፣ ሽማግሌ ይሰበስባል፣ ጎሕ ሲቀድ ሄደው ያንኳኳሉ። ኮሊን ፍራንክፈርት ውስጥ ሃምሳ ሁለት ሰው ስለዚህ ጠይቆ ቀርጿል። መርዶው ራሱ ግን የለውም። ለንደን ያሉት አለቆቹ እስከ ኅዳር መጨረሻ ካላመጣ ፊልሙ እንደሚቀር ነግረውታል። ይህ ከቀረ ሌላ የሚሰጠው የለም።

ክፍሉ ስልክ የላትም። ለእሱ የሚደወለው ሁለተኛ ፎቅ፣ አቶ ወልደማርያም ቤት ነው። አቶ ወልደማርያም ከአንድ ኬሚካል ፋብሪካ በጡረታ የወጡ፣ የሠፈሩ ሐበሾች ሽማግሌ ናቸው። ሩት በወር አንድ ጊዜ እዚያ ትደውላለች። በዚህ ወር አልደወለችም፤ እሱም አልደወለም።

ሦስተኛ ፎቅ ሸዋረጋ ትኖራለች። ፍሉግሃፈን፣ አውሮፕላን ማረፊያው፣ ጽዳት ትሠራለች። ደሴ ያለው ወንድሟ ከታመመ አምስት ወሩ ነው። ኮሊን ደረጃ ላይ ባገኛት ቁጥር ይጠይቃታል።

«ወንድምሽ እንዴት ሰነበተ?»

«ተሽሎታል። ምነው ከፋህ?» ብላ ትስቅበታለች። «አንተ ፈረንጅ፣ እሱ ገና ልጆቹን ይድራል። ካሜራህ ዝጎ ይቀራል እንጂ!»

ኮሊን ያፍራል። በማግስቱ እንደገና ይጠይቃታል።

አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አቶ ወልደማርያም ቤት ከውጭ አገር ስልክ ተደወለ። ሰዓት ሳይሞላ ሁለት የሠፈሩ ሐበሾች፣ ዓምደ ሚካኤልና ተኽኣ፣ መጡ። ኮሊን ከሱቅ ሲመለስ ሦስቱ በር ላይ ቆመው ነበር።

«ሸዋረጋ ነገ ጠዋት ቤት ትኖራለች?» አለ ተኽኣ።

«ሺሽቷ የማታ ነው፣ ጠዋት ሥራ የላትም፤ ትኖራለች» አሉ አቶ ወልደማርያም። ኮሊንን ሲያዩ ዝም አሉ።

ኮሊን ፈጠን ብሎ ተጠጋቸው። «ጋሼ፣ መርዶ አለ?»

ሽማግሌው ክንዱን ያዙት። «አለ። ነገ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት።»

«መቅረጽ ይፈቀድልኛል?»

«እሱን ነገ ራስህ ትወስናለህ። አሁን ግባ፣ እራት ብላ።»

«በልቻለሁ።»

«ድገም! ነገ ረጅም ቀን ነው።»

ገባ፤ በላ። ዚንድሊንገን ከመጣ ወዲህ ከሰው ጋር ሲበላ ያ የመጀመሪያው ነበር። ተኽኣ ሁለት ጊዜ አጎረሰው። ኮሊን ግን ሐሳቡ ሁሉ ብርሃኑ ላይ ነበር። የደረጃው መብራት ለካሜራው ይበቃ ይሆን?

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀረው ካሜራውን ተሸክሞ በሩ ላይ ቆመ። ከታች የእግር ኮቴ ሰማ። ዘጠኝ ሰዎች ነበሩ፤ አንድም የሚያወራ የለም። በብረት መደገፊያው በኩል ጎንበስ ብሎ መቅረጽ ጀመረ።

ሦስተኛ ፎቅ ደርሰው የሸዋረጋን በር አንኳኩ። በሩ ተከፈተ። ኮሊን ጩኸቱን ጠበቀ። ሠላሳ ሰከንድ፣ አርባ ሰከንድ ቀረጸ። የጮኸ የለም።

ሸዋረጋ ጥቁር ለብሳ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ወጣች።

የሐሙሱ ስልክ የተደወለው ከሊድስ ነበር። አሥር ሆነው ወደ አራተኛ ፎቅ፣ ወደ ኮሊን በር ወጡ፤ ሸዋረጋ ካሜራውን ከትከሻው ላይ ቀስ ብላ ተቀበለችውና፣ «ግባ፣ ቁጭ በል ወንድሜ» አለችው።