የይቅርታ ቆርቆሮ

«ይቅርታ በይኝና ዕቃሽን ይዘሽ ተነሺ» አሏት አክስቷ፣ የሴት ልጆች መጠለያው የሥራ ክፍል ደጃፍ ላይ እንደቆሙ።

ልጅቷ መርፌዋን ዶቃ ውስጥ እንደከተተች እጇ ቀጥ አለ። ጭኗ ላይ ያለው የቆዳ ቦርሳ የቀረው የማንገቻው ጌጥ ብቻ ነበር። ረጅሙን ጠረጴዛ ከበው የሚሠሩት ሴቶች ልጆች ሁሉ ቀና አሉ፤ ከመካከላቸው ወሬ የማታቆመው ለፍላፊዋ እንኳ አፏን ያዘች። እዚህ ክፍል ውስጥ ለፍላፊዋ ዝም ካለች ነገር አለ ማለት ነው።

አክስትየዋ የቤታቸውን ቁልፎች በጣታቸው ያሽከረክራሉ። ድሮ ያ ድምፅ ከደጅ ሲሰማ ልጅቷ የምትሸሸግበት ጥግ ትፈልግ ነበር። ዛሬም እግሮቿ ሳታዛቸው ወንበሩ ሥር ተሰበሰቡ።

«ቦርሳ ሸጣችሁ የቆጠባችሁት ገንዘብ ሊከፋፈል ነው አሉ» ሲሉ ቀጠሉ። «እሰይ፣ ደግ ነው። ግን አንቺ ያሳደገሽ ቤት አለሽ። እንደ ሌባ ሾልከሽ ወጥተሽ በጎረቤት ፊት አዋረድሽኝ። ባጎረስኩ እጄን ተነከስኩ። ቢሆንም እኔ ቂም አልይዝም። ይቅርታ በይኝ፣ ያልቃል፤ ገንዘብሽን ተቀብለሽ ቤትሽ ትገቢያለሽ።»

ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሷል። በዚያ ቤት ብርጭቆ ቢሰበር፣ ምግብ ቢያር፣ የተሰጣ ልብስ ዝናብ ቢመታው፣ ጥፋቱ የእሷ ነበር። ይቅርታ ካላለች ቀበቶ፣ ይቅርታ ብትልም ቀበቶ። አሁን አንዴ ብትለው ደግሞ ሴትየዋ እጇን ይዘው እንደሚወስዷት፣ የለፋችበትም ገንዘብ ከእሷ ጋር እዚያ ቤት እንደሚገባና እንደማይወጣ ታውቃለች። ያም ሆኖ አፏ ሊከፈት ነው። አመል ክፉ ነው።

አሠልጣኟ ከስፌት መኪናዋ ተነስታ መጣች።

«እትዬ፣ ተይ» አለቻት ልጅቷ። «እኔው ልመልስ።»

ዓይኗ መስኮቱ ላይ የተቀመጠው የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ላይ አረፈ። እዚህ የሚመጡት ልጆች፣ ከየትኛውም ቤት ይምጡ፣ አንድ አመል ይዘው ነው የሚመጡት፤ መቀስ ሲያቀብሉ ይቅርታ፣ ሲያስነጥሱ ይቅርታ፣ ተጠርተው ሲዞሩ ይቅርታ። አሠልጣኟ ቢሰለቻት ጊዜ ያንን ቆርቆሮ አምጥታ ሕግ አወጣች። ላላጠፋችው ጥፋት ይቅርታ ያለች ሳንቲም ትጥላለች፤ ሳንቲሙ የታመመችን ማሳከሚያ ይሆናል። በእውነት ያጠፋች ግን በነፃ ትላለች።

በመጀመሪያዎቹ ወራት ቆርቆሮውን ብቻዋን የሞላችው ይህችው ልጅ ናት። «ባንኬ» የሚለው የዳቦ ስም የወጣላት ያኔ ነው። ለፍላፊዋ የሳንባ ምች ይዟት መድኃኒቷ ከዚያ ሲገዛላት፣ «እኔ እኮ የዳንኩት በባንኬ ይቅርታ ነው» እያለች ለመጣ ለሄደው ስታወራ ከረመች። አሁን አሁን ግን ይቅርታዋ እየቀነሰ ባንኩ ከስሯል፤ ቆርቆሮው ሲነቀነቅ ድምፁ እየሳሳ ሄዷል።

«አልችልም፣ አክስቴ» አለች ባንኬ። ድምጿ አለመንቀጥቀጡ ራሷንም ገረማት። «እዚህ ቤት ይቅርታ ያስከፍላል። እኔ ደግሞ ለስፌት መኪና እየቆጠብኩ ነው።»

ከጠረጴዛው ማዶ አንዷ ሳቋን በክር ጥቅሏ አፈነችው።

«ምንድን ነው የምትለው ይቺ?» አክስትየዋ ወደ አሠልጣኟ ዞሩ።

«እኔን ይስሙኝ» አለች ባንኬ፤ ተነስታ ቆመች። ስትቆም ከአክስቷ ትረዝማለች፤ እስከዛሬ ልብ ብላው አታውቅም። «ላጠፋነው ነፃ ነው፤ ላላጠፋነው ነው የምንከፍለው። እርስዎን ምን እንደበደልኩ ባስብ ባስብ አጣሁት። ማሳደጉን አሳድገውኛል፤ አልክድም። ቀበቶውንም አልረሳሁም። ገንዘቡ የጣቴ ነው፤ ቤቴም እዚህ ነው።»

የቁልፉ መሽከርከር ቆመ። አክስትየዋ ልጅቷን ትክ ብለው አዩዋት፤ የሚያውቁትን ፊት የሚፈልጉ ይመስላሉ። አላገኙትም። ሻርፓቸውን ወደ ትከሻቸው ወርውረው በቁጣ ሲዞሩ ጫፉ የዶቃውን ትሪ ጠርጎ ጣለው።

ዶቃው ሲሚንቶው ላይ ተንጫጫ፤ ከወንበሩ ሥር፣ ከበሩ ጥግ፣ ከሁሉም እግር መሃል ገባ። ሁለት ልጆች ከጠዋት ጀምረው በየቀለሙ የለዩት ነበር።

ሴትየዋ ቆሙ። መሬቱን አዩ። የቆሙበት ጊዜ ለአንዲት ቃል ይበቃ ነበር።

ከዚያ በሩን ከፍተው ወጡ።

«እሱ እንኳ በነፃ ነበር፣ አክስቴ» አለች ባንኬ ቀስ ብላ። የቁልፎቹ ድምፅ ኮሪደሩን ይዞ ሄደ፣ ሄደና ጠፋ።

«በሉ እንልቀም» አለች ለፍላፊዋ፤ ምላሷ ተመለሰላት። «ከእንግዲህ ትሪ ላይ ሳይሆን ባልዲ ውስጥ ነው የማስቀምጠው፣ ምን ሲደረግ!»

ሁሉም መሬት ላይ ተንበረከኩ። አሠልጣኟም ቀሚሷን ሰብስባ ገባችበት። ባንኬ ከጠረጴዛው ሥር ቀይ ዶቃ ልታነሳ እጇን ስትዘረጋ፣ ለፍላፊዋ እየዳኸች መጥታ በሙሉ ክብደቷ ጣቷ ላይ ተንበረከከችበት።

«ውይ፣ ይቅርታ!» አለችና፣ ወዲያው በልማድ ወደ ቆርቆሮው ዞራ ኪሷን መዳበስ ጀመረች።

ባንኬ ጣቷን እፍ አለችው። አሟታል።

«ተዪው፣ ነፃ ነው» አለቻት።

ዶቃው ጣቷ ሥጋ ውስጥ ተቀርቅሮ ቀርቷል። ነቅላ አወጣችውና መርፌዋን ፈልጋ ክሩ ላይ አስገባችው።